«ጨርቄን አልጣልኩም» ያሉት እትዬ ዘሃራ

በዚህች በተሰደድንባት የወደብ ከተማ፣ በካርቲየ 4 ሠፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ብዙዎቻችሁም በሀራሙስ ሠፈር ባሕር ዳርቻ ነጭ አንሶላ ይዘው ሲቆሙ የምታውቋቸው ወይዘሮ ዘሃራ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ተቀብረዋል። መርዶውን በስልክ የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የአሠሪዎቼን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን ነቅዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘሃራ የተወለዱት ድሬዳዋ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ ነው። ፐርፎርማንስ የሚባለውን ጥበብ የጀመሩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያስተማራቸውም የለም። ሥራቸው አንድ ብቻ ነበር። ከሱቃቸው ያመጡትን ሰፊ አንሶላ ሁለት ጫፎች ይዘው ይቆማሉ፤ አይናገሩም፣ አይጠሩም። አንድ ሰው መጥቶ ሌሎቹን ሁለት ጫፎች እስኪያነሳ ይጠብቃሉ። ሲመጣ አብረው ያጣጥፉታል፤ ከዚያ ዘርግተው እንደገና ይጀምራሉ።

እኔ የተዋወቅኳቸው በስህተት ነው። ያኔም እንደዛሬው በሀራሙስ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ዓርብ ተልኬ ስወጣ ሰዎች ከብበዋቸው አየሁ፤ አንዳንዶቹ ፎቶ ያነሳሉ። ደሜ ፈላ። «ሰው አይደላችሁም? እናት የሚያህሉ ሴት ከነፋስ ጋር ሲታገሉ ቆማችሁ ታያላችሁ?» ብዬ በአማርኛ ተቆጣሁና ጫፉን ከአሸዋው ላይ አነሳሁ። አጣጥፈን ስንጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አፍሬ «አበላሸሁብዎት?» ስላቸው ሳቁ።

«ኧረ ልጄ! አንቺን አይደል ስጠብቅ የነበረው?» አሉኝ።

የዕረፍት ቀን እንደሌለኝ ሲሰሙ ግን ሳቃቸው ጠፋ። ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠው በፈረንሳይኛ «ቫንድርዲ፣ ሴ ታ ሙዋ» አስባሉኝ፤ «ዓርብ የእኔ ነው» ማለት ነው። ድምፄ መንቀጥቀጡን እስኪተው አልለቀቁኝም። በማግስቱ ለእመቤቴ ተናገርኩ፤ ዓርብ የእኔ ሆነ። ስንቷ ልጅ ያችን ዓረፍተ ነገር እዚያች ሱቅ እንደተማረች እናንተው ታውቃላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ተከተልኳቸው። አንድ ቀን የከባድ መኪኖች መቆሚያ በሆነው ፔካ 12 ሲቆሙ የከባድ መኪና ሹፌር ወርዶ ጫፉን ያዘና «እትዬ፣ ሸራው የየትኛው መኪና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። በሥራ ላይ የማይስቁት ሴት የዚያን ቀን ሳቃቸው አመለጣቸው።

በሠፈር «ዘሃራ ጨርቋን ጣለች» የሚሉም አልጠፉም። አንዲት ደንበኛ ሰው ያለውን ፊት ለፊት ስትነግራቸው «ጨርቄንማ አልጣልኩም፤ ይኸው በሁለት እጄ ይዤዋለሁ» አሉና የጀመሩትን ጨርቅ መለካታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን ያን ቃል እፈራው ነበር። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ጫፍ እይዛለሁ እንጂ ቀድሜ ቆሜ አላውቅም። «ዛሬ አንቺ ጀምሪ» ሲሉኝ ሰበብ አላጣም። ማንም ባይመጣስ? ያገሬ ሰው ሁሉ እያየኝ አሸዋ ላይ ጨርቅ ይዤ ብቀርስ? «መያዙ ቀላል ነው፤ ሥራው መጠበቁ ነው» ይሉኝ ነበር። ሕመማቸው ሲጠና ልጠይቃቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው «ከእኔ በኋላ ትቆሚያለሽ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አላስጨነቁኝም፤ ስለ ሙቀቱ አንስተው አጫወቱኝ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን የእህታቸው ልጅ «ለአንቺ እንድሰጥ አዘውኛል» ብላ አንሶላውን በፌስታል ሰጠችኝ። ብቻዬን ላጣጥፈው ሞከርኩ፤ ተጨማደደ።

እትዬ ዘሃራ፣ ያኔ የነፈግኩዎትን መልስ ዛሬ ልስጥዎት። የፊታችን ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ በሀራሙስ ባሕር ዳር እቆማለሁ። እፈራ ይሆናል፤ ድምፄን ከመንቀጥቀጥ ያስጣሉት ግን እርስዎ ነበሩ። ማንንም አልጠራም። የሚመጣ ካለ ይመጣል፤ ከሌለም እንዳስተማሩኝ እጠብቃለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ፤ ጨርቅዎ አልወደቀም።