ትንፋሽ የምትቆጥረው ልብስ ሰፊ

ዝናብ ይዞኝ ከአንድ መድኃኒት መደብር ፊት ለፊት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ደጃፍ ተጠልዬ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ፣ የሳል ሽሮፕ በፌስታል አንጠልጥላ ከመደብሩ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጠራቻትና ወንበሯን ለቀቀችላት። የሕፃኑን ሸሚዝ ገልጣ፣ ዓይኗን ከግድግዳ ሰዓቱ ወደ ደረቱ እያመላለሰች ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች።

"ስልሳ ሁለት! ስንት ወሩ ነው?"

"ሰባት።"

"በዚህ ዕድሜ ሃምሳ ከደረሰ የሽሮፕ ነገር አይደለም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ!" የራሷን ሹራብ ሕፃኑ ላይ ጣል አድርጋ ታክሲ አስቆመችላቸው።

ባለመደብሩ ከማዶ ጮኸ፦ "አንቺ ቆጣሪ! ዛሬም ደንበኛዬን ነጠቅሽኝ?"

"ገና ምን አይተህ!"

እንዲህ ያለ ሰው ስላሳየኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። "ደግ ነሽ እህቴ" አልኳት።

"ደግነት አይደለም ጋሼ፣ በቀል ነው" አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የስምንት ወር ልጇን ሳል ያዛት። ይኸው ሰውዬ "ጉንፋን ነው፣ አታካብጂ" ብሎ ሽሮፕ ሸጠላት። የልጅቷ ደረት በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ እየሰረጎደ፣ ሦስት ቀን ሽሮፕ አጠጣቻት። ሆስፒታል ስትደርስ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ በማግስቱ ቀበረቻት። ሐኪሙ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ እንደሆነ ነገራት። መከላከያ ክትባቱ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ይሰጣል። እሷ የመጀመሪያውን ብቻ አስከትባ ነበር። የቀሩት ቀጠሮዎች የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወቅት ዋሉና "ሥራ በዛብኝ፣ ካስረከብኩ በኋላ" አለች።

ከዚያ አንዲት ነርስ ትንፋሽ መቁጠር አስተማረቻት። ሱቋንም ነቅላ እዚህ፣ ከሰውዬው ፊት ለፊት ተከለች።

"ሽሮፑ መደርደሪያው ላይ እስኪሻግት አልነቀልም። በእሱ ላይ ያለኝን ቂም እንዲህ እወጣዋለሁ። በራሴ ላይ ያለኝን ግን የት ልውጣው?"

"ይቅር ብትይውስ?"

"ይቅርታው እርስዎ ጋ ይኑር።"

ዝናቡ ሲያባራ የባለመደብሩ ልጅ ሕፃን ታቅፋ የመደብሩ በር ላይ ቆመች። የልብስ ሰፊዋ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ።

"የልጅ ልጁ ናት፤ አሥራ አንድ ሳምንት ሆናት። የአሥር ሳምንቱን ክትባት አላስከተቧትም። እናትየው ለጎረቤት 'ሥራ በዛብኝ' ስትል በጆሮዬ ሰማሁ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እኔ ብነግረው በእልህ ያስቀራታል። ጋሼ፣ የሚገዙ መስለው ይግቡና ነገ ያስከትቧት ዘንድ ይንገሩልኝ። የእኔን ስም ግን እንዳያነሱ። ታረቀችኝ እንዲል አልፈልግም።"