ከሁለት ወገን

ያሰሩኝ በያዝኩት የበረዶ ሳጥን ምክንያት ነው። ሰዎች ውሃና ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት ዓይነት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ነበር። በእኔው ውስጥ የነበረው ግን በትንንሽ ብልቃጦች የተሞላ የሰው ደም ነው። ኢርቲካዙ ላይ፣ ወታደሮቹ መኪና እያስቆሙ የሚፈትሹበት ኬላ ላይ፣ አንዱ ክዳኑን ከፍቶ አየና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የረክሻው፣ የባለሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ሹፌር አላውቃትም ብሎ ማለ። እውነቱን ነበር፣ መንገድ ላይ አስቁሜው ነው የተሳፈርኩት። እሱን ለቀቁት፣ እኔን ከነሳጥኔ ወሰዱኝ።

ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ወራት አልፈው ነበር። እኔ እዚያው ያደግሁ ሀበሻ ነኝ፤ አባቴ ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ተምሬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆንኩና ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፉ የደም በሽታዎች ላይ በሚደረግ ጥናት ውስጥ ተቀጠርኩ። ደማችንን ቀይ የሚያደርገውና አየር ተሸክሞ በሰውነታችን የሚዞረው ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ነው። አንዳንድ ሰው ላይ አፈጣጠሩ ይለያል። ልዩነቱን የምናየው ጄል በሚባል የረጋ ነገር ላይ አድርገን ኤሌክትሪክ ስንለቅበት ነው፤ ጤነኛው ፈጥኖ ይቀድማል፣ የተለየው ወደ ኋላ ይቀራል። ከአንድ ቤተሰብ በወሰድነው ደም ላይ ግን የትም መጽሐፍ ውስጥ ያላገኘነው መስመር ታይቶን ነበር። ደግመን ሳናየው መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩም ናፍጣ አጣ። ባልደረቦቼ ከከተማው ወጥተዋል። ያን ቀን የወጣሁት በረዶው ሳይቀልጥ ደሙን መብራት ያለው ሆስፒታል ላደርስ ነው።

ያስገቡኝ ሌሎች ሴቶች የታሰሩበት የቀለም መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኗል። ቀለሙ ተዘርፎ አልቆ ሽታው ብቻ ቀርቷል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሲሞቅ ደግሞ ዓይን ያስለቅሳል። ውሃ የምንጠጣው በቀለም ጣሳ ክዳን ነበር። ወለሉ ላይ ከግድግዳው እየተላጠ የወደቀ የደረቀ ቀለም ተበትኗል፣ ስንተኛ ልብሳችን ላይ ይጣበቅ ነበር።

ከሴቶቹ መሃል ሁለቱን አስታውሳለሁ። አንዷ ማንሺያ ሰፈር ውስጥ የቤት ሠራተኛ የነበረች ያገሬ ልጅ ናት። አሠሪዎቿ ቤቱን ጠብቂ ብለዋት ሄዱ፣ ታጣቂዎች መጥተው ቤቱንም እሷንም ወሰዱ። አማርኛዬ ዓረብኛ ስለሚበዛበት ትስቅብኝ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሰማሁት ሳቅ የእሷ ብቻ ነው። ሌላዋ ከጀብራ ሰፈር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሱዳናዊት ናቸው። ኻልቲ፣ አክስቴ እላቸው ነበር። ቤቴን ትቼ አልሄድም ብለው ብቻቸውን በመቅረታቸው ለሌላው ወገን በስልክ ወሬ ታቀብያለሽ ተብለው ነው የተያዙት። ስልክ እንኳ አልነበራቸውም። ብዙ አያወሩም። ሲያወሩም ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ብለው ነው የሚጀምሩት።

በማግሥቱ ለምርመራ ወደ ሌላ ክፍል ጠሩኝ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ሳጥኑን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦታል። ለማን እንደምሠራ ጠየቀኝ። የአንድን ጎሣ ደም ለይቼ ለምን እንደምሰበስብ፣ ሀበሻ ሆኜ እዚህ ነገር ውስጥ ምን እንዳገባኝ፣ በዚህ ደም ምን መርዝ ሊሠራ እንደታሰበ ጠየቀኝ። በሽታው ጎሣ አይመርጥም አልኩት፤ ዘመድ ከዘመድ በብዛት በሚጋባበትና ድሮ ወባ በነበረበት አገር ይበዛል። እየሰማኝ ጻፈ። ያመነኝ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ሳጥኑን ወደ ጥላው እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። እሺ አለ፣ ግን አላነሳውም። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ደም መጥቆሩ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር።

ስመለስ ሴቶቹ ምን እንደጠየቀኝ ማወቅ ፈለጉ። ነገርኳቸው። ከዚያ አንዷ በሽታው ምንድነው አለችኝ። ሚንጀሊያ አልኳት፤ በዓረብኛ ከማጭድ የመጣ ስም ነው፣ የደሙ ሕዋስ ተጣሞ ማጭድ ስለሚመስል። የታመመው ልጅ እንዴት እንደሚሆን ስነግራቸው፣ በሕፃንነቱ ጣቶቹ እንደሚያብጡ፣ ዓይኑ ቢጫ እንደሚሆን፣ አጥንቴን እያለ እንደሚያለቅስ፣ ኻልቲ ከተቀመጡበት ተነሥተው አጠገቤ መጡ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደው ነበር። ሁለቱም እንደዚያ እያሉ አድገው፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ሞቱ። የባላቸው ቤተሰብ የእሷ ደም መራራ ነው፣ ልጅ አይበረክትላትም አሉ። ባልየው ፈታቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

ከወለሉ ላይ የቀለም ቅርፊት ለቀምኩ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ። ለእሳቸው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ሰጠሁ። በባላቸው ፋንታ ለአገሬ ልጅ እንዲሁ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ሰጠኋት። ወላጅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው ለልጁ የሚሰጠው አልኳቸው። አንድ ቀይ ብቻ የያዘ ሰው ምንም አያመውም፣ እንዳለበትም አያውቅም። ልጁ የሚታመመው ከእናቱም ቀይ ከአባቱም ቀይ ሲደርሰው ነው።

ኻልቲ የሁለቱን ቀይ ወስደው መዳፋቸው ላይ አገናኙት።

«ከእሱም?» አሉኝ።

«ከእሱም፣ ኻልቲ። ከእርስዎ አንድ፣ ከእሱ አንድ። ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ባልታመሙ ነበር።»

«እሱ እኮ ሌላ አግብቶ ወለደ። ልጆቹ ደኅና ናቸው።»

«ያቺኛዋ ሚስቱ ቀዩ የለባትም ማለት ነው።»

ይህን የተናገርኩት ላጽናናቸው ብዬ ነው። የጥፋቱን ሸክም ብቻቸውን ተሸክመው ስለኖሩ ግማሹን ላወርድላቸው መስሎኝ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያየሁት እሳቸው ካዩት በኋላ ነው።

ሁለቱን ቀይ ቅርፊቶች ለያዩ። ከዚያ ጀብራ ገበያ ውስጥ ዘይትና ሽንኩርት ይሸጥ ስለነበረ አንድ ሰው ነገሩኝ። ዘመዳቸው አይደለም፣ ከሰሜን የመጣ ነው። ከተፈቱ በኋላ ሊያገባቸው ጠየቀ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ዓመት እየቆየ እየተመለሰ ጠየቀ። እሳቸውም ይወዱት ነበር። ግን የሱን ልጆች ደግሞ ልቅበር ወይ ብለው እምቢ አሉት። ምክንያቱን አልነገሩትም፣ አፈሩ። እሱም በመጨረሻ ሌላ አግብቶ ወደ መደኒ ከተማ ሄደ። ሴቶች ልጆች እንደወለደ ሰምተዋል።

«ያን ሰው አግብቼው ቢሆን ኖሮስ፣ ያ ቢቲ?»

«መጀመሪያ ደሙ መታየት ነበረበት» አልኳቸው።

«ታይቶ ቀይ ባይኖርበትስ?»

ሁሉም ሴቶች ወደ እኔ ያዩ ነበር። ሙያዬ ነው፣ መልሱን አውቀዋለሁ።

«ባይኖርበት አንዱም ልጃችሁ አይታመምም ነበር» አልኩ።

አላለቀሱም። የቀለም ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስቀመጡ፣ ወደ ቦታቸው ሄደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያገሬ ልጅ ጠጋ ብላ በአማርኛ አንሾካሾከችልኝ።

«ለምን ነገርሻቸው?»

«ጠየቁኝ።»

«ቢጠይቁስ? ሰውየው ሄዷል፣ እሳቸው መውለጃቸው አልፏል። አሁን ምን ያደርጉታል?»

 ያን ቀን ደግማ አላነጋገረችኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ከኻልቲ የውሃ ድርሻ ላይ ጥቂቱ በክዳኑ ውስጥ ሳይጠጣ ቀርቶ አየሁ። በሱ ፊታቸውን ታጠቡ። ቶባቸውን፣ የሚከናነቡበትን ረጅም ጨርቅ፣ ፈትተው አራገፉና እንደገና በደንብ ለበሱ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠባቂ በሩን ከፍቶ ስማችሁን እየተናገራችሁ ውጡ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ አለን። ሊያዛውሩን ነበር። እያንዳንዳችን ስማችንን እየተናገርን ወጣን። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ስማቸውን አልተናገሩም፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም ጠርተው «የእሱ እናት ነኝ» አሉ።

በዚያ አገር ሴት በመጀመሪያ ልጇ ስም መጠራት የተለመደ ነው፤ የእገሌ እናት፣ ኡሙ እገሌ ይሏታል። ልጁ ቢሞትም ስሙ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ኻልቲን ግን አብረን በቆየንበት ጊዜ አንድም ሰው እንደዚያ ሲጠራቸው አልሰማሁም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። የልጁን ስም የሰማሁት ያኔ ነው።

«ልጅሽ የት ነው?» አለ ጠባቂው።

«ሞቷል። ወንድሙም ሞቷል። የሁለቱም እናት ነኝ።»

«የራስሽን ስም ነው የጠየቅሁሽ።»

ደገሙለት፣ ያንኑ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጠባቂው ትንሽ ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ ራሱም በዚያው ስም ጠርቷቸው «ውጪ» አለ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው አልፈውኝ ወጡ። ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆሟል፤ እሳቸውን በአንዱ፣ እኔንና ያገሬን ልጅ በሌላው ጫኑን። የእኔ ሳጥን ክዳኑ ተከፍቶ ከግንቡ ሥር ተጥሎ ነበር። ዝንብ ወሮታል።

እኔን ከጊዜ በኋላ አንድ የሳሃፋ ጎረቤታችን፣ አባቴን የሚያውቁ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። ገዳሪፍ ከተማ ከርሜ ጦርነቱ ከከተማው ራቅ ሲል ወደ ካርቱም ተመለስኩ። የምንሠራበት ሕንፃ አለ፤ ማሽኖቹና ማቀዝቀዣዎቹ የሉም። የዚያ ቤተሰብ ደም ላይ ያየነው መስመር ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፣ ሰዎቹ ራሳቸው የት እንደገቡ አልታወቀም። ጀብራ ሄጄ ኻልቲን አፈላለግሁ። ቤታቸው ጣሪያ የለውም። ጎረቤት የለም፣ ያገኘሁት ሰው አዲስ መጤ ነው፣ አያውቃቸውም።

አሁን አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ወባና ታይፎይድ እመረምራለሁ። ልጅ አጥንቱን እያመመው ሲመጣ አባቱም ገብቶ ውጤቱን እንዲሰማ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገባል። ብዙው በር ላይ ይቀራል።

ያን ቀን የመለስኩት መልስ ትክክል ነው። ትምህርቱም የሚለው ያንኑ ነው። ግን ለኻልቲ ሌላ መልስ መስጠት እችል እንደነበር አስባለሁ፤ አላሁ አዕለም፣ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው ማለት እችል ነበር። በዚያ አገር ሰው ለሁሉም ነገር የሚለው ነው። ብል ኖሮ ዋሸሽ የሚለኝ አልነበረም፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ይተዉት ነበር።