የመድን ምዝገባ በሰርግ ወር

የጤና መድን ሥራ የጀመርኩ ቀን ደብረ ታቦር ያለው አለቃዬ ማኅተም፣ የደረሰኝ ጥራዝና ባዶ የአባልነት ደብተሮች አስረከበኝ። «የሹ፣ ሥራሽ ጥርና የካቲት ነው፤ ገበሬው እህሉን ያስገባበት ጊዜ ነው። የካቲት ካለቀ የአገር ሽማግሌ ቢለምንሽ እንኳ አዲስ አባል እንዳትመዘግቢ» አለኝ። ምን አላት! አልኩ በልቤ።

ቀላል አልነበረም። የተመደብኩት ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ባለች ቀበሌ ነው፤ የተወለድኩባት። ጤነኛን ሰው «ቢያምዎትስ?» ብሎ መጠየቅ እዚያ እንደ ክፉ ምኞት ይቆጠራል። «ሂጂ ወዲያ፣ አታሟርቺብኝ!» ብለው ከደጅ የመለሱኝ ብዙ ናቸው።

ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ሰው የሚገኘው ዳስ ውስጥ ስለሆነ እኔም ዳስ ለዳስ እዞር ነበር። ጎረቤታችን አያ ሙላት ልጃቸውን አበባውን ሲድሩ የሄድኩት አንድ ነገር ልነግራቸው ነው፤ ያገባ ልጅ በአባቱ ደብተር አይታከምም፣ የራሱን ማውጣት አለበት። እሳቸው የቤተሰቡን ደብተር ገና ጥር ሲገባ አሳድሰው ነበር፤ ልጁም በዚያው የሚታከም መስሏቸዋል።

ገና «አያ ሙላት፣ ስለ መድኑ...» ከማለቴ እጄን ያዙኝ።

«በሞትኩት! አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ተቀምጦ የበሽታ ነገር ታነሺብኛለሽ? ይልቅ ቁጭ ብለሽ ብይ!»

ዳሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ፊቴ ጋለ። ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ጠላም ደገምኩ። ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ያ ሳቅ ትዝ ይለኝና ስለ ከብቶቹ ጠይቄያቸው አልፋለሁ። የካቲት እንዲሁ አለቀ።

ሐምሌ ላይ አበባውን ትርፍ አንጀት ጣለው። ደብረ ታቦር ሲያደርሱት ሐኪሙ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይተርፍም አለ። ካርድ ክፍሉ ግን የአባትየውን ደብተር አይቶ «ልጁ የራሱ ያስፈልገዋል» ብሎ መለሳቸው። እኔ ያን ቀን ሪፖርት ላቀርብ እዚያው ከተማ ዋናው ቢሮ ነበርኩ። አያ ሙላት ዝናብ አበስብሷቸው ገቡ።

«የሹ፣ እሰይ አገኘሁሽ! ልጄ እዚህ ደብተር ላይ አለ በያቸው።»

«አያ ሙላት፣ አበባው ጎጆ ወጥቷል እኮ።»

«ጎጆውስ የት ነው? እኔው ግቢ! አጥራችን አንድ አይደለም?»

«ቢሆንም አግብቷል። የራሱን ማውጣት ነበረበት።»

«ታዲያ አሁን መዝግቢዋ!»

«ምዝገባው የካቲት ላይ አልቋል። እስከ ጥር አይከፈትም።»

«ይኼን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሰርግ ነዋ... ሰው ሳቀብኝ፣ አፈርኩ።»

«አፈርሽ?» አሉ። «ልጄ እኮ ነው፣ የሹ።»

አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አበባው ኦፕራሲዮን ሆኖ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አያ ሙላት ግን ያን ቀን ተበድረው የከፈሉትን ለመመለስ አንዱን በሬያቸውን ሸጡ፤ ያውም በእርሻ ወቅት። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር፣ ያን ክረምት መሬታቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ከምርቱ ተካፈሉ። ዛሬም ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። «ቤት ገብተሽ ብይ፣ ጠጪ» ግን ከዚያ ወዲህ ብለውኝ አያውቁም። እኔም ደጃቸው ላይ ስደርስ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ሥራውን ለምትረከቡኝ የምለው ይኸው ነው። ምዝገባው ጥርና የካቲት ነው። ጎጆ የወጣ ልጅ የራሱን ደብተር ያወጣል። ሰርግ ቤት ስትሄዱ ይህን ሳትናገሩ እንዳትበሉ። ይሳቅባችሁ።