የተከለለው ሣርና ቂሜ

ባለፈው ወር የአንገቴን ደም ሥር ሊያሰፉልኝ ገርጂ ካለ አንድ ሆስፒታል አስተኙኝ። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ አንገቴ አደረሱት። ሙሉ ማደንዘዣ ስላልሰጡኝ ሁሉን እሰማለሁ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊኛ ሲነፏት የልቤን ምት የሚቆጥረው ማሽን ድምፅ ረገብ፣ ረገብ አለና ጠፋ። ዓይኔ ጨለመ።

«ጋሼ፣ ጠንከር አድርገው ያስሉ» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። ሳልኩ፤ ልቤ ተመለሰ።

በኋላ ሲያስረዳኝ፣ የአንገት ደም ሥር ሲወጠር ልብ ግፊት የጨመረ መስሎት በራሱ ጊዜ ይዘገያል፣ የተለመደ ነው አለ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያች ሰከንድ ልጆቼም ነፍሴም አልታወሱኝም፤ ትዝ ያለኝ አቶ ጌታሁን ነው። አቶ የምለው ለአንባቢ ስል ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ እዚያ አልጋ ላይ ቂሙንም ሳሉንም ይዤ ተገኘሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሲኤምሲ ወዲያ፣ ዛሬ ቪላ የሞላበት ቦታ ያኔ ሜዳ ነው። እዚያ የግጦሽ ጥናት ይካሄድ ነበር፤ ጌታሁን አለቃ፣ እኔ ቆጣሪ። የሜዳው ግማሽ ለከብት ክፍት ነው፣ ግማሹ በሽቦ የታጠረ። ሥራዬ አራት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ ሣሩ ላይ እየጣልኩ በውስጡ ያለውን ተክል አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ጠዋት ቆሎ በኪሴ ይዤ ከመገናኛ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ማታ የሱሪዬ ጉልበት አረንጓዴ ሆኖ እመለሳለሁ። ሦስት ክረምት ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ያገኘሁት ይህን ነው፦ ከብት በጋጠው ቦታ ማገጥ፣ ያ ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ ይበዛል፤ በታጠረው ውስጥ ግን ረጅሙ ሣር ፀሐይ ይከለክለውና ይጠወልጋል።

ሪፖርቱ ታትሞ ሲመጣ የጌታሁን ስም ብቻ ነው ያለበት። የኔም ቢኖርበት ለትምህርት የምላከው እኔ ነበርኩ። ስጠይቀው ሻዩን እያማሰለ «አንተ እኮ ቆጣሪ ነህ፤ የቆጣሪ ስም አይጻፍም» አለኝ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ማለት ይህ ነው። ዛሬም ሻይ የሚያማስል ሰው ያናድደኛል።

በነሐሴ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ጥናቱን ሊያዩ እንደሚመጡ ሰማሁ። የታጠረው ሣር ከሌለ ማወዳደሪያ የለም፤ ማወዳደሪያ ከሌለ ጌታሁን ያፍራል። እሱ ደግሞ ቦሌ ካለው ቢሮው ወደ መስክ ብቅ አይልም። ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ የሽቦውን በር ከፍቼ «ያስገቧቸው፣ ተፈቅዷል» አልኳቸው። ሦስት ዓመት ያንን ሣር በዓይናቸው ሲበሉት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁለቴ አላሰቡም። ከብቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲግጡ እኔ በደስታ ምሳ እንኳ አላማረኝም።

ጉብኝቱ ግን በሦስት ሳምንት ተላለፈ። በመሃል ዝናቡ አላባራም። የመጡ ቀን የሰውየውን ውርደት ልጠግብ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የታጠረው ሜዳ ከጥግ እስከ ጥግ ማገጥ ለብሷል። ረጅሙ ሣር ሲነሳለት ብርሃን አገኘና ፈላ። በገዛ ጉልበቴ የደረስኩበትን ነገር ንዴት አስረስቶኝ ኖሯል። ላጠፋው ብዬ የሪፖርቱን እውነትነት አስመሰከርኩለት።

ጌታሁን ለአፍታ ደነገጠ፤ አይቼዋለሁ። ከእንግዶቹ አንዷ የከብቶቹን እበት አይተው ተደንቀው አጥሩን ከፍቶ ማስጋጡ የማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቁ።

«የኔ» አለ።

አፌን ከፍቼ ነበር። የኔ ነው ብል በሩን ለምን እንደከፈትኩት ይጠይቁኛል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። በወሩ ጌታሁን ተሾመ።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ንዴት አይሆንዎትም ብሎ ሸኝቶኛል። ልጄም ሰውየው ሞቷል፣ ይቅር በለው ትለኛለች። መሞቱንማ አውቃለሁ፤ ለቅሶው ላይ ተቀምጬ «የግጦሽ ሊቅ» ሲሉት ንፍሮዬን ቅሜያለሁ። ጥናቴን መስረቁን ይቅር እለው ይሆናል። በቀሌን መስረቁን ግን አልችልም። ልቤ ዳግመኛ ሳይቆም ይጻፍልኝ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።