ዓይኔን ገልጬ የተማርኩት ጸሎት

ልጄ ታደለች ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጎረቤት ቤት ገባች። ጀሪካኑን አስቀመጠችና እዚያው መደብ ላይ ተኛች። ጎረቤቴ እየሳቀች መጥታ፣ ልጅሽ ቤቷን ረስታለች አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ልቀሰቅሳት ሄጄ ግንባሯን ስነካ እጄን መለስኩ። ፈጀኝ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ የታመመ ልጅ አጠገብ ለተቀመጠች እናት ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝና ጽሕፈቴን አትናቁብኝ። ጊዜው የደርግ ነው። ባለቤቴ አባያ ዳር በመንግሥት እርሻ ጥጥ ያጠጣ ነበር፤ የምንኖረውም እዚያው ነው። ወባ ለኛ እንግዳ አይደለችም። ክሎሮኪን ሰጠኋት፤ አስመለሰችው። ደግሜ ሰጠኋት፤ እሱንም አስመለሰች። ነገ ይሻላታል አልን።

በማግስቱ አላወቀችኝም። ዓይኗ ክፍት ነው። እኔን ግን አያይም። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መንገድ አወጧት፤ የእርሻው ፒክአፕ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አደረሰን።

ደሟ ታየ። ዶክተሩ ወጣት ነበር። «ሴሬብራል ማላሪያ ነው» አለኝ። «ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። ኮማ ውስጥ ናት። ኩዊኒን በግሉኮስ እንሰጣታለን።» ትድናለች ወይ አልኩት። «እንሞክራለን» አለ።

ነርሷ፣ ጠብታው ከቆመ ጥሪኝ፣ ካንቀጠቀጣትም በጎኗ አዙሪያት ብላኝ ሄደች። እኔ መጸለይ ፈለግሁ። የኛ ጸሎት ቤት ታሽጎ ስለነበር በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። ስንጸልይ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ጌታን ከተቀበልን ጀምሮ እንዲህ ነው የተማርነው፤ ዓይኑን ገልጦ የሚጸልይ ሰው ጌታን እንዳቃለለ ይቆጠራል። በሚቀጥለው አልጋ የምታስታምመውን ሴትዮ፣ እባክሽ አንቺም ለልጄ ጸልዪላት አልኳትና ጨፈንኩ። እያለቀስኩ ጸለይኩ።

ስገልጥ ሴትዮዋ ልጄን በጎኗ ይዛታለች። ታደለች ትንቀጠቀጣለች። ትራሱ ላይ ደም አለ። ምላሷን ነክሳለች። መርፌው ከክንዷ ወጥቷል። አጠገቧ ነበርኩ። አላየሁም።

ዶክተሩ ሮጦ መጣ። ስኳሯ ወርዷል ብሎ በሲሪንጅ ግሉኮስ ሰጣት። ሲረጋላት ወደኔ ዞረ። «እናቴ፣ ኩዊኒኑ ስኳር ያወርዳል። ደግሞ ሊመጣባት ይችላል። ዓይንዎን ከእሷ ላይ አያንሱ።»

ካልጨፈንኩ መጸለይ አልችልም፤ ጸሎቴን ካቆምኩ ደግሞ ትሞትብኛለች። ይህንኑ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ማርታ ትባላለች፤ የወላይታ ሰው ናት፣ ካቶሊክ። የምታስታምመው ታላቅ እህቷን ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ አልኳት።

«ጌታን እንደሆነ ጨፈንሽም ገለጥሽም አታዪውም» አለችኝ። «ልጅሽን ግን ታያለሽ። ግለጪ።»

ከጉያዋ መቁጠሪያ አወጣች፤ የደረቀ ፍሬ በሲባጎ የተሰካ፣ ጫፉ ላይ የእንጨት መስቀል ያለው። ካድሬ እንዳያይብን ነጠላዬ ሥር አድርጋ ጣቴን ትመራኝ ጀመር። ከመስቀሉ ተነሺ፤ ትልቋ ፍሬ ላይ አባታችን ሆይ በዪ፣ እሱን ታውቂዋለሽ፤ ትንንሾቹ አሥሩ ላይ ደግሞ ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ። ጣትሽ ይቁጠር፣ ዓይንሽ ይጠብቅ አለችኝ። እያንዳንዱ አሥር የሚታሰብበት ነገር አለው። ለኔ የሰጠችኝ፣ ማርያም ልጇ ጠፍቶባት ስትፈልገው ቆይታ በቤተ መቅደስ ያገኘችበትን ነበር።

ማርያምን መለመን አልተማርኩም አልኳት።

«ቅድም እኔን ጸልዪላት አላልሽኝም? እኔ ከእሷ እበልጣለሁ እንዴ?»

ተከተልኳት። የማርያሙ ጸሎት መጨረሻ፣ «በሞታችንም ጊዜ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን አፌ ተያዘ። በታመመ ሰው ራስጌ ሞት አይጠራም። እትዬ ማርታ ልጄን አየች። እህቷን አየች። የእህቷ ጉበት እንዳለቀ ሐኪሞቹ ነግረዋታል።

«እሱን እኔ እለዋለሁ» አለች። «በኛ ዘንድም ሁለት ሆነን ስንደግም አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል።»

እኔ መጀመሪያውን አልኩ። እሷ መጨረሻውን። መንቀጥቀጡ ደግሞ ታደለች ላይ ሲመጣ ከንፈሯ ገና ሲርገበገብ አየሁት። በጎኗ አዞርኳት። ጮህኩ። ነርሷ ደረሰች።

ባለቤቴ መጥቶ መቁጠሪያውን እጄ ላይ ሲያይ፣ ሃይማኖት ለወጥሽ ወይ አለኝ። ተቀመጥና አንተም በራስህ መንገድ ጸልይ፣ ዓይንህን ግን እንዳትጨፍን አልኩት። ሳቁ አመለጠው። ከዚያ አለቀሰ።

አንድ ረፋድ የእትዬ ማርታ ድምፅ ጸሎቱ መሐል ላይ ተቋረጠ። ቀና አልኩ። እህቷ አርፋለች። ያቺ ሁሉን የምታውቅ ሴት እጇን ዘርግታ ደርቃ ቀረች። «ጨርሺልኝ» አለችኝ። ጨረስኩላት። በልጄ ራስጌ። ሞት ብዬ። እስከ አሜን። ሬሳው ሲወጣ መቁጠሪያውን ልመልስላት ብዘረጋ ጣቶቼን አጥፋ መለሰችልኝ።

ታደለች የነቃችው ከዚያ በኋላ ነው። ብጠራት ግን አልሰማ አለች፤ ደንቆሮ ሆና ቀረች ብዬ ስርበተበት ዶክተሩ፣ «ከኩዊኒኑ ነው፣ ይመለሳል» አለኝ፤ እውነትም ሙዝ እየላጥኩ ሳጎርሳት፣ ግድግዳ ይዛ መራመድ ስትለምድ፣ ቀስ በቀስ ጆሮዋ እየተከፈተ መጣና አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ውጭ የሚያልፉት ሰዎች ለምን ይጮሃሉ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ባል አግብታ ካምባ ከተማ ትኖራለች።

ለዶክተሩም ለነርሷም ጌታ ይክፈላቸው። እኔ አሁንም የኛው ጸሎት ቤት ነኝ፤ በመቁጠሪያውም እጸልያለሁ። እናንተ ግን መድኃኒቱን ካስመለሰ ልጅ ጋር ቤት አትቀመጡ፤ ነገ አትበሉ። ያልገባችሁን ዶክተሩን ጠይቁት፣ አትፈሩት። በሚቀጥለው አልጋ ያለችውንም፣ ማንን ታስታምሚያለሽ በሏት። እኔ የእትዬ ማርታን እህት ስም የሰማሁት ሲለቀስላት ነው።