አባ ፊታቸውን ያዞሩበት ዕለት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። ባሌ በላይ መሪ በጨበጠ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው ኢትዮጵያ መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አጠገብ ነበር። ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር ያለ የመጋዘን ኃላፊ በላይን በሾፌርነት ሊቀጥረው ቃል ገብቷል፤ እስከ ፋሲካ መንጃ ፈቃድ ካላመጣ ግን ሌላ ሰው ሊወስድ ነው። በላይ ደግሞ የመንዳት ፈተናውን ደጋግሞ ይወድቃል። ለምን እንደሚወድቅ የሚነግረው የለም። እኛ "በቆዳችን ነው" አልን። ከሩሲያ የመጡትም "እኛን ጠልተው ነው" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ የወደቀ ሁሉ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በር ላይ ተሰብስቦ "ምክንያቱ ይነገረን" አለ። እኔም ልጄን አዝዬ ሄድኩ። መጀመሪያ በሩን ዘጉብን። ሬዲዮው ጉዳዩን ሲያነሳው ግን ለዘብ አሉና፣ የወደቀ ሰው ፈታኙን አግኝቶ መጠየቅ ይችላል ተባለ።

ለጠብ ታጥቄ ከበላይ ጋር ገባሁ። ፈታኙ ሽበታም ሰው ነው።

"ባልሽ ጎበዝ ነጂ ነው" አለኝ። "ሰፈራችሁ ሲደርስ ግን እጁን ከመሪው ያነሳና ከመቀመጫው ብድግ ይላል። አሞት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።"

ወደ በላይ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል።

"አባቶች ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው እኔ ተቀምጬ ልለፍ?" አለኝ በአማርኛ።

ያን ያህል የጮህንበት ምክንያት እኛው ቤት ተገኘ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ሁልጊዜ ግቢው በር ላይ ፀሐይ ለሚሞቁት ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። "እባክዎ አባ፣ የቴስቱ ዕለት ከግቢ አይውጡ" አልኳቸው።

"ፀሐዬን ትቼ የት እገባለሁ? እሱን ለእኔ ተይው ልጄ" አሉኝ።

በዕለቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የፈተናው መኪና ብቅ ሲል አባ አጠገባቸው ያሉትን አሮጊቶች ጎሸም አደረጉና፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አዞሩ። በላይ ከመቀመጫው ሳይነሳ መሪውን ጨብጦ አለፈ።

ፈተናውን አልፎ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። "ምን አጥፍቼ ነው አባ ጀርባቸውን የሰጡኝ?" አለ። ስነግረው ሮጦ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

አባ ዛሬ በሕይወት የሉም። በላይ ግን በዚያ ሲያልፍ መኪናውን ዳር ያስይዝና ወርዶ ግንቡን ይሳለማል። ከኋላው ያሉት ክላክስ እየነፉ ይሳደባሉ፤ እኔ መኪናው ውስጥ እጠብቀዋለሁ። ፊት ሲነሱኝ ቶሎ የምቀየም ሴት ነኝ። የዚያን ዕለቱን ጀርባ ግን እስክሞት እወደዋለሁ።