ያላነበብኩት አንቀጽ

ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩትም። ለባለቤቴም አልተናገርኩትም፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ስንት የማይረባ ነገር አውርቼላታለሁ፣ ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳሁላትም። ዛሬ የምጽፈው ድንገት ንጹሕ ልብ አግኝቼ አይደለም። ሰውየው ስለሞቱ ነው። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ አይጠይቀኝም፤ ጠያቂ በሌለበት መናገር ደግሞ ቀላል ነው። ይህንንም ከጥፋቴ ጋር ቁጠሩልኝ።

የሠራሁት ነገር ሲያወሩት ትንሽ ነው። ለሰው ወረቀት ሳነብ አንድ አንቀጽ ዘለልኩ። ከሥሩ ሌላ ጥፋት አለ፤ እሱን ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ። ከትንሹ የምጀምረው ትልቁን ስለምፈራው ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። የዳኞችን ውሳኔ እገለብጥ ነበር። ስንትና ስንት ገጽ ሐተታ በእነዚህ ጣቶች አልፏል። ውጭ በረንዳው ላይ የሚጠብቀው ሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፤ «ፈረዱለት ወይስ ፈረዱበት?» ዳኛው ለምን እንደዚያ እንዳለ፣ ማንን እንዳመነና ማንን እንደተጠራጠረ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ ሐተታውን የሚያውቀው የጻፈውና የገለበጠው ብቻ ነበር። ይህ እውቀት ምን እንደሚያስችል ያኔም ይገባኝ ነበር።

ሜልበርን መጥቼ የሕግ ሰው ተባልኩ። ትሩጋኒና በሚባል ዳር ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ቅዳሜና እሑድ የሕግ ሰው ነኝ። ደብዳቤ የመጣበት ሰው ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል፤ የቤት ኪራይ፣ የመንግሥት ድጎማ ቢሮው የሴንተርሊንክ፣ የመንጃ ፈቃድ ቅጣት። አነብላቸዋለሁ፣ እተረጉምላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል። ልጆቻቸው ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ግን ልጅ ልጅ ነው፤ እኔ «ፍርድ ቤት የሠራ» ነኝ። ደስ አይለኝም ነበር ብዬ አልዋሽም።

መሀል ከተማው አጠገብ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር፣ ከመንግሥት የኪራይ ፎቆቹ ሥር አንድ አዳራሽ አለ፤ እድራችን የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ያቋቋሙት ጋሼ ደምሴ ናቸው። እዚያው ግቢ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ከሃና ጋር ይኖሩ ነበር። የአባላቱ መዝገብ በእጃቸው ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ ወንበር ማን እንደሚያመጣ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ማን እንደሚያድር፣ ቀብር አስፈጻሚዎቹን በእንግሊዝኛ ማን እንደሚያናግር የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። ቁጡ ነበሩ። ሰው ለቅሶ ከቀረ በስሙ ጠርተው በሰው ፊት ይገስጹት ነበር።

ጠባችን የመጣው ብዙዎቻችን ቤት ገዝተን ራቅ ወዳለው ወደ ትሩጋኒና ስንሄድ ነው። ጋሼ ደምሴ የሄደ ሰው እዚያው የራሱን እድር ያቋቁም አሉ። «እድር ማለት ስጠራህ በእግርህ የምትደርስልኝ ነው» አሉን በስብሰባ ላይ። «ፍሪዌይ ላይ ቆመህ ነው የምታለቅስልኝ?» ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሲናገሩ ወደ እኔ እያዩ ነበርና። ከመዝገብ ሊፍቁን ነው አልን። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን አዲስ አመራር ለመምረጥ ተስማማን።

የእድሩ ደንብ ጉባኤ ሲጠራ ማስታወቂያው ከአሥራ አራት ቀን በፊት አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ይላል። ያንን ያስገቡት ራሳቸው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ኢሜይል አያዩም ብለው። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ተሰበሰብን፣ መረጥን፣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ጋሼ ደምሴ ግን ማስታወቂያው በጊዜው አልወጣም፣ ጉባኤው ሕገ ወጥ ነው፣ መዝገቡን አልሰጥም አሉ። ሽማግሌ ላክን፤ መለሱት። ከሰስናቸው።

ከተማ ባለው ፍርድ ቤት የቀረቡ ዕለት አስተርጓሚዋ፣ ከፈለጉ ያለ መጽሐፍም ቃል መግባት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን «ከማልኩ በመጽሐፍ ነው» አሉ። መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ማሉ። ከዚያ ያሉት አጭር ነው፤ ለጉባኤው ልክ አሥራ አራት ቀን በቀረው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰሌዳውን አይቻለሁ፣ ምንም ወረቀት አልነበረበትም። እኔም ምዬ እሑድ ጠዋት ለጥፌዋለሁ አልኩ። ሁለት ጓደኞቼም እሑድ ተለጥፎ እንደነበር መሰከሩ።

ውሳኔው ከወራት በኋላ በኢሜይል መጣ። ረትተናል። እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዳንደኖንግ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። አየለ ያንብብ ተባለ፣ ቆምኩ፣ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ፤ ጉባኤው ሕጋዊ ነው፣ መዝገቡ ይመለስ። ተጨበጨበ። ጋሼ ደምሴ ከኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ እትዬ ዘነቡ የምትባል የሁላችንም ታላቅ እጇን አወጣች። «ስለ ደምሴስ ምን አሉ ዳኛዋ?» አለች።

ዳኛዋ ስለ ጋሼ ደምሴ የጻፉት ሁለት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን በተመለከተ የአቶ ደምሴን ቃል አልተቀበልኩም፣ የሁለቱን ምስክሮች መርጫለሁ ይላል። ሁለተኛው፣ ይህን ስል ግን ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም፣ ያመኑበትን የተናገሩ፣ ለሰዎቻቸው የደከሙ ቅን ሰው ሆነው አግኝቻቸዋለሁ ይላል። በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ይቀጥላል። ማስታወቂያውን ለጠፍኩ ያለው ምስክር ጥያቄ በቀጥታ ከመመለስ ይሸሻል፣ እሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባላመንኩት ነበር።

«ቃላቸውን አልተቀበሉትም» አልኩ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሐሰት ተናግሬያለሁ? አልተናገርኩም። የተናገርኩት ቃል በቃል ተጽፏል። ግን ያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው በመጽሐፍ ሲማል ያየና የሰማ ሰው ነው፤ ምሎ ቃሉ ያልታመነ ሰው ለእሱ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሁለተኛውን አንቀጽ ካነሳሁ ደግሞ አንዱ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ይነበብ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አጠፍኩት። እኔ ነኝ ያጠፍኩት፤ ማንም እጄን አልያዘኝም።

ማክሰኞ ዳንደኖንግ ያለ ዘመዴ ደወለልኝ። «ሰማህ? ደምሴ መጽሐፍ ይዞ ሲዋሽ ዳኛዋ ያዘችው አሉ!» አለኝ። ወሬውን ለእኔው ነው የሚነግረኝ። እንደዚያ አልተባለም ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር፤ እኔ ግን «አዎ፣ እንግዲህ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ጋሼ ደምሴ ሲገቡ ሰው ይነሳል፣ ወንበር ይለቃል፣ አጠገባቸው ግን አይቀመጥም። ማንም አልሰደባቸውም። ምነው በሰደቧቸው ኖሮ፤ መልስ ይሰጡ ነበር።

ሃና የመጣችው በዓመቱ ነው። ነርስ ናት፣ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትሩጋኒና ቤቴ ድረስ መጣች። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ አየለ፣ ጀጅመንቱን ኦንላይን አግኝቼ አነበብኩት። ይቺን ፓራግራፍ ለምን ስኪፕ አደረጓት?»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ስለ እርስዎ የተጻፈው አይ ዶንት ኬር። ለማንም አልናገርም፣ ፕሮሚስ። አባቴ ግን እኔን አያምነኝም። ልጄ ስለሆንሽ ልታጽናኚኝ ነው ይለኛል፣ ሕግ የሚያውቀው አየለ ነው ይላል። እርስዎ ብቻ ይንገሩት፣ ፕሊስ። መቁረብ አቁሟል እኮ፤ ለንስሐ አባቱ በሐሰት ምያለሁ ብሎ ነግሯቸዋል። በዚያ ጉልበቱ በየቀኑ ይሰግዳል።»

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ጋሼ ደምሴ እንደተናደዱብን ነበር የማስበው። እልኸኛ ስለሆኑ ነው የሚርቁን እል ነበር። ለካ እሳቸውም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው የሰሙት እንደሌላው ሰው ነው፤ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ፍርድ፣ በእኔ አፍ። ዳኛ ዋሽተሃል ካለኝ ዋሽቼ ይሆናል ብለው አመኑ። ከጠላታቸው አንደበት ሰምተው አመኑ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው ሐሰተኛ ያስባልኩት።

እና ምን አልኳት? «ልጄ፣ የሕግ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይተረጎምም» አልኳት። «ዋናው ውሳኔው ነው። ሐተታ ውስጥ የሚባለው የዳኛ አስተያየት ነው፤ ማንንም አያስገድድም።» እንደ ሕግ ትክክል ነኝ። ሃና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ለአራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ደምሴ ታመሙና ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት መለሷቸው። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ፍርሃትም ነበረበት። አንቀጹን በአማርኛ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት፣ ስለ እኔ የተባለውንም ጨምሬ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጣሁ። ሃና በሩን ከፈተች፤ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየችና አሳለፈችኝ።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። አልዘለልኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ፈገግ አሉ።

«ደግ ሴት ናቸው ዳኛዋ» አሉ። «ሽማግሌ ነው ብለው አዘኑልኝ። ግን አየለ፣ እኔ ዋሽቻለሁ።»

«አልዋሹም ጋሼ። ይኸው ተጽፏል።»

«ወረቀቱ ተለጥፎ ነበር። ስንት ዓመት ሳስበው ሳስበው ታወሰኝ። ነጭ ወረቀት፣ ርእሱ በቀይ፣ ሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ። ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እልህ ይዞኝ ነው የካድኩት።»

ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ርእሱም ቀይ ነው። ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሲቀርብ አይተውታል። ያን እሑድ ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። እሑድ ረሳሁት፤ ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ የለጠፍኩት ሐሙስ ነው፣ ቀኑንም የእሑድ አድርጌ ጻፍኩበት። ጓደኞቼ በሐሰት አልመሰከሩም፤ እሑድ ነው ስላልኳቸው እሑድ ያዩት መሰላቸው። መጽሐፍ ይዞ የዋሸው እኔ ነኝ። በዚያ ችሎት እውነቱን የተናገሩት ጋሼ ደምሴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በመጨረሻ እውነታቸውን ትተው የእኔን ውሸት አስታወሱ።

አሁን ንገራቸው አልኩ ለራሴ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሃና ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እሷ የምታውቀው የዘለልኩትን አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሐሙስን አታውቅም።

ጋሼ ደምሴ እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አንተን በሰው አገር ዳኛ ፊት ሐሰተኛ አስመስዬሃለሁ። ዳኛዋም በእኔ ጦስ ነው ክፉ የጻፉብህ። ይቅር በለኝ፣ አየለ።»

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

በሳምንቱ ቄስ መጥተው አቆረቧቸው። የበደሉትን ሰው ይቅርታ ስላገኙ ነው። ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ ከትሩጋኒናም ከዳንደኖንግም ሰው ሞልቶ ነበር፤ በሰላም አረፉ አለ ሁሉም። እኔም እላለሁ አንዳንዴ፤ ብነግራቸው ኖሮ ያን ሁሉ ስግደት በከንቱ እንደሰገዱ አውቀው ይሞቱ ነበር፣ ዝም ማለቴ ይሻላል እላለሁ። አሳምሬ መናገር ሥራዬ ስለነበረ ይህም ያምርልኛል። አትቀበሉኝ። ዝም ያልኩት ለእሳቸው አይደለም፤ ሃና በሩ ላይ ስለነበረች ነው።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ዛሬም ኦንላይን አለ። የፈለገ ሰው ከፍቶ ቢያነብ ማስታወቂያው እሑድ እንደወጣ ተጽፎ ያገኘዋል፤ ዳኛ ያጸናው ነው። ሃና፣ ይህን ካነበብሽ አባትሽ ልክ ነበሩ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሰው እኔኑ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሞተዋል።